ሬዲዮ ላይ ይቆም የነበረው ቤት

ሐሙስ ጠዋት፣ ቦንጋ ገና ከጉሟ ሳትወጣ፣ እትዬ በዛወርቅ የጋሽ ወልደሥላሴን ቁርስ በሳህን ሸፍነው እንደ ሁልጊዜው ሳያንኳኩ ገቡ። ሲወጡ ሳህኑ በእጃቸው አልነበረም። ጩኸታቸው ታች ገበያው ድረስ ተሰማ፤ ባጃጅ እንኳ ቆመ አሉ።

ኢንስፔክተር አልጣሽ ስትደርስ ጋሽ ወልደሥላሴ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በጎናቸው እንደ ወደቁ ነበሩ። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የንድፍ አስተማሪ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ወረቀት ቆራጭ። ወረቀት ቆራጭ ስል የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ! አንድ ወፍራም ወረቀት ይወስዳሉ፤ እዚህ ይሰነጥቃሉ፣ እዚያ ያጥፋሉ፣ ሙጫ የሚባል ነገር አይነኩም። ሲዘጋ ወረቀት ነው፤ ሲከፈት ደረጃ ያለው፣ መስኮት ያለው ሕንፃ ብድግ ይላል። ሎጅ የሚያርፉ እንግዶች እየተሻሙ ይወስዱላቸው ነበር። አልጣሽንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረዋታል። ያኔ መስኮት መስኮቱን ከምታይ ትምህርቷን ብትከታተል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር፤ ግን ማን ያውቃል።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "በመሣሪያ አልተመቱም" አለ። "ሰው ገፍቷቸው ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ብረት መትቷል። ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይመስለኛል።"

"እትዬ በዛወርቅ፣ እስኪ ዓይንዎን ይጥረጉና ይመልከቱልኝ። ምን ጎድሏል?" አለች አልጣሽ።

ሴትዮዋ እያነቡ ክፍሉን ዞሩት። የወረቀት መቁረጫው ከተር አለ፤ ማስመሪያው አለ፤ ስልኩም አለ። ሬዲዮው ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ቤቱ የለም!"

"የቱ ቤት?"

"ይሄ ቤት ነዋ!"

አልጣሽ ረዳቷን ሳጅን በእምነትን አየችው። ሳጅኑ ጣሪያውን አየ።

"እትዬ፣ ቤቱ ውስጥ እኮ ነው የቆምነው።"

"ኤዲያ! የወረቀቱን ነው የምልሽ! ይሄንኑ ቤት ከነአጥሩ ሠርተውት ሬዲዮው ላይ ያቆሙት ነበር። አቧራ ስጠርግ 'በቀስታ፣ በቀስታ' እያሉ ስንቴ ተቆጥተውኛል!"

እውነትም ሬዲዮው ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ ብቻ አቧራ አልነካውም። አሥራ አንድ ዓመት በምርመራ የሠራችው አልጣሽ ስልክ ትቶ የወረቀት ቤት ይዞ የሚሄድ ገዳይ ገጥሟት አያውቅም። ግራ ገባት። ግራ መጋባቷን ሰው እንዳያውቅባት ማስታወሻዋን አወጣችና ቀኑን ጻፈች።

* * *

ግቢው በሁለት ጎረቤት መካከል ነው። ከመንገዱ ቆመው ሲያዩት በስተግራ የአብዱ ነው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ አባቱ ከስልጤ መጥቶ ቦንጋ የቀረ ነጋዴ። በስተቀኝ የጋሽ አባተ ነው፤ የሠፈሩ እድር ዳኛ፣ ያለሳቸው ትእዛዝ ድንኳን የማይተከል። ያን ዕለትም አስከሬኑ ሳይነሣ ድንኳኑን አስተክለው፣ ወንበሩን አስደርድረው ጨርሰዋል።

"አይ ወልዴ! አርባ ዓመት ጎረቤት!" አሉ ጋሽ አባተ የጋቢያቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው። "ትናንት ዋጫ ከተማ ለቅሶ ውዬ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። መብራት ባላይ ተኝቷል ብዬ አለፍኩ። ጎራ ብል ምን ነበረበት?"

"ጠላት ነበራቸው ጋሽ አባተ?"

"እኔ ሰው አላማም ልጄ።" ትንሽ ቆዩና አሙ። "ማክሰኞ ከአብዱ ጋር ተጯጩኸዋል። ሠፈር ሁሉ ሰምቷል፤ ጠይቂ።"

ጠየቀች። ሠፈር ሁሉ ሰምቷል። የአብዱ ጣሪያ ውሃ ወደ ሽማግሌው መሥሪያ ክፍል እየገባ ወረቀታቸውን ያረጥባል፤ የረጠበ ወረቀት ደግሞ እጥፋት አይዝም። ጋሽ ወልደሥላሴ በንዴት ግቢያቸው መሐል ቆመው፣ "ሰኞ መሬት ለኪዎቹ ይመጣሉ! የማን አጥር የት እንደነበረ ወረቀቴ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሁላችሁንም አሳያችኋለሁ!" ብለው ጮኸዋል። በመጪው ሳምንት የሠፈሩ ይዞታ ተለክቶ ካርታ እንደሚሰጥ የማያውቅ አልነበረም።

አብዱን ሱቁ ሄዳ አገኘችው።

"ረቡዕ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የት ነበሩ?"

"እዚሁ ሱቄ ውስጥ።"

"ጎረቤቶችዎ በርዎ ዝግ ነበር ይላሉ።"

"ሰማዩ ተቀዶ መስጊድ መሄድ አቃተኝ፤ ዘግቼ እዚሁ ሰገድኩ።"

"ሶላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል?"

"በዚያ ዝናብ ማን ጨርቅ ሊገዛ ይመጣል? ጋደም አልኩ። እሁድ ልጄን እድራለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነካኝም።"

"ማን አየዎት?"

"አላህ።"

"ሌላስ?"

አብዱ የያዘውን ጨርቅ ማጣጠፍ ቀጠለ።

* * *

ሳጅን በእምነት የራሱ ተጠርጣሪ ነበረው። ከፈለኝ የሚባል የማንኪራ ሰው ረቡዕ ማር ተሸክሞ ወደ ሽማግሌው ግቢ ሲገባ ታይቷል።

"ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያያቸው የለም" አለ ሳጅኑ፣ ነገሩን የጨረሰው ያህል እየተኩራራ።

ማንኪራ ድረስ በጭቃ ሄዱ። ሳጅኑ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አልጣሽ አንድ ጊዜ፤ ግን አልተቆጠረም ብላለች። ከፈለኝን ዛፍ ላይ፣ ቀፎው ጋ አገኙት።

"ማሩን ሰባት ሰዓት ላይ አስረክቤ ተመለስኩ" አለ ከላይ ሆኖ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ነበርን። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ካላመናችሁ እሱን ጠይቁት!"

የጤና ጣቢያው መዝገብም ይህንኑ አለ። ሳጅኑ ሱሪውን እያየ ተከዘ። ከፈለኝ ግን ከዛፉ ወርዶ ሊሸኛቸው ሲል አንድ ነገር ጨመረ።

"ስገባ ያቺን የወረቀት ቤታቸውን ከሬዲዮው አውርደው በማስመሪያ ይለኩ ነበር። 'ከፈለኝ፣ ዓይኔ ድኖ ያሳየኝን ጉድ!' አሉኝ። አምና ለዓይናቸው አራት ወር አዲስ አበባ ከርመው የለ?"

"ምን ጉድ?"

"እኔ ምን አውቄ? ማሬን ሰጥቼ ወጣሁ።"

* * *

ዓርብ ከሰዓት አልጣሽ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ከተበተኑት ወረቀቶች መካከል አንድ ስስ ወረቀት ነበር። የሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ፣ "ቤቴ ከነአጥሩ፣ 2012 ዓ.ም.። አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ሜትር ነው" ይላል። ሥሩ የቤቱ ንድፍ በእርሳስ ተሠምሯል፤ በሩ መሐል ለመሐል፣ መስኮት በዚህ አንድ በዚያ አንድ፣ በሁለቱም ጎን አጥር። በግራ ከግድግዳው እስከ አጥሩ አራት ሳንቲ ሜትር፤ በቀኝ ሁለት።

"ሜትር አምጡልኝ!" አለች።

ሜትር መጣ። ጫፉን ማን ይያዝ ሲባል ጋሽ አባተ ከድንኳኑ ተነሥተው ያዙላት። በግራ፣ በአብዱ በኩል፣ ሁለት ሜትር ሆነ። በቀኝ፣ በጋሽ አባተ በኩል፣ እሱም ሁለት ሜትር።

"በቀኝ ልክ ነው" አለች አልጣሽ ወረቀቱን እያየች። "በግራ ሁለት ሜትር ጎድሏል።"

"በአብዱ በኩል ማለት ነው" አሉ ጋሽ አባተ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እኔስ ሰው አላማም ብዬ ነበር።"

እንግዲህ ምን ቀረ? ጠቡ አለ፤ አጥሩ ተገፍቷል፤ ሱቁ ዝግ ነበር። የወረቀቷን ቤት ሰኞ ሳይደርስ ማጥፋት የሚፈልገው ሰው ደግሞ አጥር የገፋው ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ፤ የአብዱ አነጋገርም አላማራትም። የጋሽ አባተን የዋጫ ነገር ማጣራት ግን ትዝም አላላት። የእድር ዳኛ ለቅሶ ውዬ መጣሁ ሲል ማን ይጠይቃል?

አመሻሹ ላይ አብዱን ከቤቱ ስታወጣው ሚስቱ ራሕመት በሩ ላይ ቆመችባት።

"ኢንስፔክተር፣ እሁድ ኒካህ አለብን! ወሊዋ አባቷ ነው፤ እሱ ታስሮ ልጄን ማን ይድርልኛል?"

"አጎት የላትም?"

"አጎትስ አላት። ግን የሙሽራው ወገኖች፣ የጅማ ሰዎቹ፣ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ይዘው ይሄዳሉ? አንቺ ብትሆኚ ትወስጃለሽ?"

አልጣሽ "ሕግ ነው" አለች። አብዱ ዓይኗን ሳያይ መኪናው ውስጥ ገባ።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራይቱ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ዩስራ ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ላይ የተቀባችው ሂና ገና አልደበዘዘም። አልቅሳ ጨርሳ እንደመጣች ዓይኗ ይናገራል።

"አባቴን ያሳሰረውን ወረቀት ያሳዩኝ።"

"ማስረጃ ለቤተሰብ አይታይም።"

"ጋሽ ወልዴ ጋ ሦስት ዓመት ወረቀት መቁረጥ ተምሬያለሁ። ቦንጋ ውስጥ የሳቸውን ንድፍ ከኔ ሌላ የሚያነብልዎት የለም።"

አልጣሽ አመነታችና አወጣችላት። ዩስራ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። በየመስመሩ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ነበረው።

"ይሄን እንዳለ ነው ያነበቡት?"

"ታዲያ ወረቀት እንዴት ይነበባል?"

"ይሄ እኮ በጀርባ የሚነጠፍ ነው!" ዩስራ ሌላ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ከሥሩ አደረገችው። "ይኸውልዎት፣ ወፍራሙን ወረቀት በፊቱ ይደፉታል። ንድፉን ጀርባው ላይ ያነጥፉና ማዕዘን ማዕዘኑን በመርፌ ይወጋሉ፤ ከዚያ የሚያሠምሩትም፣ የሚቆርጡትም ከጀርባ ነው። የእርሳስ ምልክት በፊት በኩል ከታየ ጋሽ ወልዴ ካርዱን ቀደው ይጥሉት ነበር። ሲያልቅ ይገለበጣል። በንድፉ ላይ ግራ የነበረው ቤቱ ሲቆም ቀኝ ይሆናል። እሳቸው ይሄን ስለሚያውቁ ከመጀመሪያውኑ ገልብጠው ነው የሚነድፉት።"

"ጽሑፉ ግን አልተገለበጠም።"

"ጽሑፉ አይቆረጥማ! ለራሳቸው ማስታወሻ ነው።"

አልጣሽ ወረቀቱን አየችው። በሩ መሐል ላይ ነው፤ መስኮቶቹም እኩል ናቸው። ቢገለበጥም ባይገለበጥም ቤቱ ያው ነው፤ የሚለየው አጥሩ ብቻ ነው።

"አንቺ የተጠርጣሪው ልጅ ነሽ።"

"ነኝ።"

"ነገ ደግሞ ኒካህሽ ነው።"

"ነው።"

"ታዲያ እንዴት ብዬ ልመንሽ?"

"አይመኑኝ" አለች ዩስራ ነጠላዋን እያስተካከለች። "ቆርጠው ይዩት።"

* * *

አልጣሽ መቀስ ይዛ ሦስት ወረቀት አበላሸች። አንዱ ቤት ወደ ውስጥ ቆመ፤ አንዱ ጭራሽ አልቆመም፤ ሦስተኛው ለሁለት ተቀደደ። "የቱ ነው ግራ? የኔ ነው የወረቀቱ?" እያለች ብቻዋን ስታወራ ሳጅኑ በር ላይ ቆሞ ሰማት።

"ኢንስፔክተር፣ ምሳ በልተዋል?"

"ምሳውን ተወውና የሽማግሌውን ንድፎች ካርቶን አምጣልኝ። የማውቀው ሕንፃ ይኖርበታል።"

ካርቶኑ መጣ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ "ፖሊስ ጽሕፈት ቤት" የሚል ተጽፏል፤ የቀድሞው አዛዥ ሲዛወሩ ስጦታ የተሠራላቸው ካርድ ንድፍ ነው። የጥበቃ ክፍሏ ከበሩ በስተግራ ተሥላለች።

"በእምነት፣ የጥበቃ ክፍሏ በየት በኩል ናት?"

"በግራ።" ሳጅኑ አሰበ። "ቆይ፣ ስገባ ነው ስወጣ?"

አሥራ አንድ ዓመት በዚያ በር ገብታለች፤ መልሱን ግን እሷም አላወቀችውም። ተያይዘው በካፊያው ወጡና መንገዱ ላይ ቆመው የራሳቸውን መሥሪያ ቤት እንደ እንግዳ አፍጥጠው አዩት። ዘበኛው ግራ ገብቶት ሰላምታ ሰጠ። ክፍሏ በስተቀኝ ነበረች።

አልጣሽ አንድ ምስክር አልበቃ አላት። የመናኸሪያውንና የገበያውን በር ንድፍ ይዛ በባጃጅ ዞረች፤ ሁሉም ተገልብጧል። መናኸሪያው ደጅ ላይ ቆማ ፊቷ እስኪቀላ አፈረች። ያሰረችው ሰው በሁለተኛ ሌሊቱ ዋዜማ ላይ ነው፤ ልጁ ነገ ትዳራለች ወይም ትቀራለች። የዚያን ሜትር ጫፍ ማን ይዞላት እንደነበረም አስታወሰች።

ዋጫ ደወለች። ለቅሶ ቤቱን አፈላልጋ የሟች ወንድም ጋ ደረሰች።

"ጋሽ አባተ?" አለ ሰውዬው። "ምሳ በልተው ወዲያው ነው የተነሡት። ሰኞ ለኪዎች ስለሚመጡ አጥሬን ልይ ብለው በስምንት ሰዓቱ ሚኒባስ ሄዱ።"

* * *

እሁድ ገና ሲነጋ አልጣሽ ሁለት ፖሊስና ሁለት ዶማ ይዛ መጣች። መጀመሪያ በአብዱ በኩል፣ ከአጥሩ ሁለት ሜትር አልፋ አስቆፈረች። አፈርና ትል ብቻ ወጣ። ከዚያ ወደ ጋሽ አባተ ግቢ ተሻገረች። እዚያ፣ ከአጥሩ በመለስ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የጎደሬ መደብ አለ።

"ምን ልታደርጊ ነው ልጄ? ጎደሬዬን ልታበላሺብኝ?" አሉ ጋሽ አባተ በሩ ላይ ሆነው።

"እተክልልዎታለሁ ጋሽ አባተ። ቆፍር በእምነት።"

ሳጅኑ ከአጥሩ ራቅ ባለው የመደቡ ጫፍ ላይ ቆፈረ። ዶማው እንጨት መታ፤ ከአፈሩ በታች የተቆረጠ የበሰበሰ የአጥር ቋሚ ነው። በሦስት እርምጃ ሌላ ወጣ። ከዚያም ሌላ፣ በአንድ መስመር። ጋሽ አባተ ከበሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ዋጫ ደውዬ ነበር" አለች አልጣሽ።

ጋሽ አባተ ከአፈሩ የወጡትን ቋሚዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

"ወልዴ አዲስ አበባ ሳለ ነው አጥሩን የገፋሁት" አሉ በመጨረሻ። "ዓይኑ አያይም ብዬ። ማክሰኞ ሲጮህ ሰማሁትና ሰኞ ሳይመጣ ታርቀን እንጨርስ ልለው ገባሁ። ያንን ወረቀት ዘረጋብኝ። 'የእድር ዳኛው ሌባ ነው ብዬ ሠፈሩን ሰብስቤ አሳያለሁ' አለኝ። ልንጠቀው ብል አልለቅም አለ። ገፋሁት። መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ እንዲሞት አልነበረም።"

"የወረቀቱ ቤትስ?"

"ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።"

"ንድፉን ለምን ተዉት ታዲያ? ጠረጴዛው ላይ ነበር።"

"አየሁትኮ!" ጋሽ አባተ ቀና አሉ። "ሰፊው በአብዱ በኩል ነበር። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም፤ ካርዱ ላይ በኔ በኩል፣ ንድፉ ላይ በሱ በኩል! እግዜር ራሱ ሊያተርፈኝ የጻፈው መሰለኝ።"

አልጣሽ ማስታወሻዋን ዘግታ ኪሷ ከተተች። እሷም ያንኑ ወረቀት አይታ ያንኑ አምናለች።

* * *

ዐቃቤ ሕጉን በስልክ አነጋግራ አብዱን ስታስፈታው አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ራሷ ይዛው ሄደች። መንገድ ላይም ዓይኑን ወደሷ አላዞረም።

ግቢው ውስጥ የጅማ ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። የቀረበላቸውን ምግብ አልነኩም፤ ሚኒባሳቸው ደጅ ላይ ሞተሩን አስነሥቷል። ዩስራ ከጓዳው በር ጥግ ትታያለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ሐጂ ሰላሐዲን፣ አብዱን አይተው ሰላምታ ሰጡ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

"የመንግሥት ሰው ካለች አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ። "ልጃችን ሙሽራይቱን ይወዳል፤ እኛ ግን ቤተሰብ ነው የምንቀላቅለው። ይሄ ሰው በዋስ ወጥቶ ነው ወይስ ንጹሕ ነው?"

ሳጅን በእምነት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "'ምርመራው ቀጥሏል' ይበሉ። አዛዡ ሌላ ነገር እንዳንናገር ብለዋል።"

አልጣሽ ባርኔጣዋን አወለቀች። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ነበር።

"በዋስ አይደለም" አለች ጮክ ብላ። "ንጹሕ ነው። ገዳዩ ሌላ ሰው ነው፤ ተይዟል፤ አምኗል። አቶ አብዱን ያሰርኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ወረቀት ገልብጬ ማንበብ ሲገባኝ እንዳለ አነበብኩት። እውነቱን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ እሷንም አላመንኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም።"

ራሕመት ከጓዳው ወጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁለት ቀን ያፈነችውን ልቅሶ ለቀቀችው። ሐጂ ሰላሐዲን አልጣሽን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ "አጥፋው ይሄን ሞተር!" አሉ። ጫማቸውን አወለቁና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ቆመህ ታያለህ አብዱ? ያለ ወሊ ልንጀምር ነው?"

አብዱ ሁለት ሌሊት ያደረበትን ሸሚዙን አየ። "ልታጠብና መጣሁ" አለ። ወደ ቤት ሲያልፍ አልጣሽ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት።

"ኢንስፔክተር፣ ይቅር የምልሽ ሌላ ቀን ነው" አለ። "ዛሬ ልጅ እድራለሁ።"

ገባ። ሚስቱም ዓይኗን እየጠረገች ንጹሕ ሸሚዝ ይዛለት ተከተለችው።